ከጉዛራ ግንብ ሥር ህንድን ማጥናት

«ቲቸር፣ አሾካና አክባር እየተምታቱብኝ ነው። ሁለቱም በ‹አ› ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ትልቅ ንጉሥ ናቸው» አለችኝ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ። በሁለቱ ነገሥታት መካከል 1800 ዓመት ገደማ አለ። ልጅቷ ግን ሰነፍ አይደለችም። ደብተሯን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች። ህንድን ያየችበት የለም፣ የሚያስይዛት ነገርም የለም። ስለዚህ ያነበበችው ሁሉ በሳምንቱ ይጠፋባታል።

እኔ እንፍራንዝ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለማትሪክ የሚዘጋጁትን አስጠናለሁ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ስለሚሰጥ ተፈታኞች ልብስና ደብተር ሸክፈው ከቤት ርቀው ይሄዳሉ። በዚያ ዓመት ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በእኛ ክልል ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ወራት የባከኑባቸው አሉ። እንግዲህ ባለችው ጊዜ ምን ይጠና የሚለው ጥያቄ ለእኔ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ ታሪክ አንዱ ፈተና ነው። ከዓለም ታሪክ ውስጥ ደግሞ ህንድ ደጋግማ ትመጣለች፦ በጥንታዊ ሥልጣኔ፣ በቅኝ ግዛት፣ በነፃነት ትግል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ የሚመርጥ ልጅ ከዚህ በላይም ይጠብቀዋል።

እኔ ራሴ በተማሪነቴ የእስያን ታሪክ ያጠናሁት በሽምደዳ ነው። መምህራችን ዓመተ ምሕረት ያስጽፈን ነበር፣ እኛም እንደ ዳዊት እንደግመው ነበር። ፈተናው ላይ የፓኒፓትን ጦርነት 1757 ብዬ ጻፍሁ። በ1757 የተደረገው የፕላሲ ጦርነት ነው፤ ፓኒፓት በ1526 ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት መሳት ማለት የሙጋል መንግሥት የተመሠረተበትን ከእንግሊዝ አገዛዝ መጀመሪያ ጋር አንድ ማድረግ ነው። ያገኘሁት ውጤት ለረጅም ጊዜ አንገቴን አስደፍቶኛል።

ለተማሪዬ ጥያቄ መልስ የሰጠሁት በክፍል ውስጥ አልነበረም። በማግሥቱ ቅዳሜ ተፈታኞቹን ይዤ ወደ ጉዛራ ወጣሁ። ጉዛራ ከከተማችን አጠገብ፣ ከባሕር ዳር ጎንደር መንገድ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ የቆመ ግንብ ነው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ላየ ሜዳው ተዘርግቶ፣ ጣና ከማዶ ያበራል። ያሠራው ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው ሠርፀ ድንግል እንደሆነ ይነገራል። (የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ‹ዓ.ም.› እላለሁ።) ልጆቹን ግድግዳው ሥር አስቀምጬ «ሠርፀ ድንግል እዚህ ሲነግሥ ህንድ ላይ የነገሠው ማን ነበር?» አልኋቸው። ዝም አሉ። «አክባር ነው፤ ከ1556 እስከ 1605። ይህ ግንብ የአክባር እኩያ ነው» አልኋቸው። ተማሪዬ ድንጋዩን በመዳፏ ነካችው። ከዚያ ወዲህ አክባር ተምታቶባት አያውቅም።

አሾካን ደግሞ ወደ አክሱም ወሰድሁላት። አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ካሊንጋን ወግቶ፣ ባፈሰሰው ደም ተጸጽቶ ወደ ቡድሃ ትምህርት ያዘነበለ፣ አዋጁንም በአለትና በዓምድ ላይ ያስቀረጸ ንጉሥ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛናም ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሃይማኖቱን ለውጧል፣ ድንጋይም አስጽፏል። ድንጋይ ያስጻፈው አሾካ፣ የጉዛራው እኩያ አክባር ብላ ያዘችው።

የእኔ ዘዴ ይኸው ነው። ደብተሩን ስትገልጡት በግራ ገጽ የእኛ አገር፣ በቀኝ ገጽ ህንድ፣ በመሐሉ ዓመተ ምሕረት። በግራ ያለውን ልጁ ከቤቱ ይዞት መጥቷል፤ ከአያቱ ሰምቶታል፣ በእግሩ ረግጦታል። የቀኙን በዚያ ላይ ያስረዋል። የሙጋል መንግሥት መሥራች ባቡር በ1526 ፓኒፓት ላይ በመድፍና በጠመንጃ ብዙ ሠራዊት ሲያሸንፍ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ኢማም አህመድ (ግራኝ) ሽምብራ ኩሬ ላይ የአጼ ልብነ ድንግልን ብዙ ሠራዊት አሸነፈ። በሁለቱም አገር በዚያ ዘመን ባሩድ የጦርነትን መልክ እየቀየረ ነበር። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ህንድ ደረሰ፣ ፖርቱጋሎች በ1510 ጎአን ያዙ፤ በ1541 የዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶፎ አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ከዚያው ከጎአ ወገን ተነሥቶ ምፅዋ ወረደ። ልጆቹ ይህን የሚያውቁት ከግራኝ ታሪክ ጋር ነው። ጎአ የት እንዳለች ግን የጠየቀ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የምቆይበት ማሊክ አምባር ላይ ነው። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ህንድ ደረሰ። እዚያ ወታደር ሆነ፣ ጦር አደራጀ፣ ከ1600 በኋላ የአህመድናጋር ሡልጣኔት ዋና አስተዳዳሪ እስከመሆን ደረሰ። ተራራውን ተጠግቶ በፈጣን ፈረሰኛ እየመታ የአክባርን ልጅ የጃሃንጊርን ጦር ለዓመታት መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። ኻድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፣ በመሬት ውስጥ ቦይ ውኃ አስገባላት፤ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችው እሷ ናት። በ1626 ሞተ። ጃሃንጊር ድል ሊያደርገው አልቻለምና፣ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሣለ። ሥዕሉ ዛሬም አለ። ከዚህ የበለጠ ንጉሡ ምን ያህል እንደተቸገረ የሚመሰክር ነገር አላውቅም።

አንድ ቀን የአንዷ ተማሪ እናት፣ መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ፣ አስቁመውኝ «አንቱ መምህርት፣ ልጄ የህንድን ንጉሥ አውቃ ምን ይፈይድላታል?» አሉኝ። የአምባርን ታሪክ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ተሸጦ ሄዶ? እንዲያ ከሆነስ የእኛው ልጅ ነው፤ ታጥናው» አሉ።

ፈተናው የሚወደው ግን ምክንያትን ነው። የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1600 የተቋቋመው ለንግድ ነበር። ፕላሲ ላይ የቤንጋልን ገዥ ሲያሸንፍ የገዥው የራሱ የጦር አለቃ ሚር ጃፋር ከድቶት ነበር። በ1765 ኩባንያው የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን አገኘ። ነጋዴ የነበረው ግብር አስገባሪ ሆነ ማለት ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ጎንደር በገባበት በ1770 ቤንጋል በከባድ ረሃብ ትረግፍ ነበር፣ እኛም ዘመነ መሳፍንት ገና መግባታችን ነበር። ብሩስ ስለ ጎንደር ግንብ ሲጽፍ የፋሲልን ቤተ መንግሥት ከሠሩት መካከል ከህንድ የመጡ ግንበኞችን ይጠቅሳል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ የፋሲልን ግንብ እንደገና ሄደው ማየት ፈለጉ።

የ1857ቱን የህንድ ወታደሮች አመፅ ለማስረዳት አልቸገርም። አዲሱ ጥይት በወረቀት ተጠቅልሎ የመጣ ነበር፤ ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ መቅደድ አለበት። ወረቀቱ በላምና በአሳማ ስብ ተቀብቷል ተባለ። ላም ለሂንዱው ቅዱስ ናት፣ አሳማ ለሙስሊሙ እርም ነው። በዓቢይ ፆም ስብ ወደ አፍህ አስገባ የተባለ የደጋ ሰው ምን እንደሚሰማው ልጆቼ ያውቃሉ። መሬት መነጠቅና የግብር ጭነትም ከዚያ በፊት የተጠራቀሙ ምክንያቶች እንደነበሩ ግን አበክሬ እነግራቸዋለሁ፤ ጥይቱ ብቻ ነው ብሎ የመለሰ ይሳሳታል።

ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር አጼ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከቦምቤይ ተነሥቶ መቅደላ ወጣ። ከወታደሩ አብዛኛው ህንዳዊ ነበር። ከባዱን መድፍ የተሸከሙት 44 ዝሆኖችም ከህንድ በመርከብ የመጡ ናቸው። ቴዎድሮስ የቋራ ልጅ ነውና፣ እዚህ አካባቢ ስለ እሱ የማያውቅ ልጅ የለም። እንግሊዝ ህንድን ባትይዝ ኖሮ ያ ጦር እንዴት ሊመጣ ይችል እንደነበር ስጠይቃቸው፣ ቅኝ ግዛት ምን እንደሆነ ከመጽሐፉ ትርጓሜ ይልቅ ይገባቸዋል።

መቅደላ ላይ ሌላም ትምህርት አለ። ቴዎድሮስ ያረፈበት ቀን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፣ ጥያቄው ላይ ግን 1868 ይላል። የእኛን አቆጣጠር የለመደ ልጅ 1860ን ያከብባል። ስለዚህ ደብተሩ መሐል ላይ ሁለቱንም እናሰፍራለን። ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ፦ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ‹ኤክሴፕት› (‹በስተቀር›) የምትለዋን ቃል ሳያዩ የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ ከምርጫዎቹ መጀመሪያ ያነበቡትን ትክክል ነገር ያከብባሉ። ይህን በየቅዳሜው በልምምድ እናርመዋለን።

አንድ የሚጎድለን አለ። ለህንድ ታሪክ የምንጠቀምበት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፣ ሽፋኑ ወልቋል፣ የሙጋሎች ምዕራፍ ግማሹ የለም። ልጆቹ ተራ ጠብቀው በእጅ ይገለብጡታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የምትሄዱ ሁሉ መንገዳችሁ በእንፍራንዝ ነው። ያነበባችሁት የታሪክ መጽሐፍ ካለ ይዛችሁልን እለፉ።