ስቶርም በየጸሐፊው እጅ

የኤክስ-ሜን ፊልሞችን ያየ ሁሉ ስቶርምን ያውቃታል፤ ነጭ ፀጉሯን አዘናፍላ መብረቅ የምትጠራውን፣ ሃሌ ቤሪ የተጫወተቻትን ጥቁር ሴት። በኮሚክሱ ግን ስቶርም አንዲት ብቻ አይደለችም። ጸሐፊ በተቀየረ ቁጥር ጠባይዋና ማዕረጓ፣ አንዳንዴም ኃይሏ ጭምር ይቀየራል።

በ1975 እ.ኤ.አ. ሌን ዊን ጽፎ፣ ዴቭ ኮክረም ስሎ ለማርቭል አንባቢዎች ሲያስተዋውቋት፣ ኬንያ ውስጥ ዝናብ እያዘነበች እንደ አምላክ የምትመለክ ነበረች። ግርማ ሞገሷ ያስደንቃል፤ ሰው ሰው ግን አትሸትም።

ሥጋና ደም ያለበሳት ወዲያው ተረክቧት እስከ 1991 የጻፈው ክሪስ ክሌርሞንት ነው። አባቷን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ እናቷን ኬንያዊት ልዕልት አደረገ። ካይሮ ውስጥ አውሮፕላን ቤታቸው ላይ ወድቆ ወላጆቿ ሲሞቱ ሕፃኗ ከእናቷ አስከሬን ጋር ፍርስራሽ ሥር ተቀበረች። በሕይወት ተርፋ የካይሮ ኪስ አውላቂ ሆነች። ያቺ ማዕበል የምታዝ ሴት ጠባብ ቦታ ስትገባ ትንፋሽ የሚያጥራት ለዚህ ነው።

በ1983 ፀጉሯን ግራና ቀኝ ተላጭታ፣ መሃሉን አቁማ፣ ቆዳ ልብስ ለብሳ ብቅ አለች። በዓመቱ ደግሞ ክሌርሞንት ኃይሏን ጭራሽ ነጠቃት። ብዙ ጸሐፊ ቢሆን በሁለት እትም ይመልስላት ነበር፤ እሱ ግን ለዓመታት ባዶ እጇን አቆያት። በ1986 መጀመሪያ የኤክስ-ሜንን ቡድን መሪነት ለመያዝ ከባልደረባዋ ከሳይክሎፕስ ጋር ገጠመች። እሱ ከዓይኑ ጨረር ይተፋል፤ እሷ ከብልሃቷ በቀር ምንም የላትም። አድፍጣ ቀርባ መነጽሩን ነጠቀችውና አሸነፈች። ለእኔ ትልቋ ስቶርም ይቺ ናት።

 

ሬጂናልድ ሃድሊን በ2006 የምናባዊቷ አፍሪካዊት አገር የዋካንዳ ንጉሥ ለሆነው ለብላክ ፓንተር ድሮ ንግሥት አደረጋት። ሠርጉ ደመቀ፤ ሙሽራዋ ግን በባሏ ታሪክ ውስጥ እንግዳ መሰለች። ሌሎች ጸሐፊዎች በ2012 ትዳሩን አፈረሱት። በ2014 ግሬግ ፓክ በስሟ የሚጠራ የራሷን ተከታታይ ጻፈላት፤ ከተራ ሰዎች ችግር ጋር አገናኛት፤ ሆኖም ከ11 እትም አላለፈም። ታ-ነሂሲ ኮትስ በብላክ ፓንተር ገጾች ወደ አምላክነቷ መለሳት፤ ወደ መነሻዋ ማለት ነው።

ስቶርምን በኮሚክስ ለማወቅ የሚፈልግ፣ ክሌርሞንት ጽፎት ባሪ ዊንዘር-ስሚዝ የሳለውን የ1984ቱን «ላይፍዴዝ» ያንብብ። ኃይሏን ያጣች ሴት ከአንድ ሰው ጋር ቁጭ ብላ ስታወራ ነው አብዛኛው፤ ከሠርጉ እትም ያስቀድመው።