ፎቶግራፍ መልኩ ሳይጠፋ ሸክሙን ስለ ማቅለል

በሐድያና በከምባታ አገር ቆጮ ከመጋገሩ አስቀድሞ ውሃው ተጨምቆ ይወጣል፤ ሸክሙ ይቀላል እንጂ ምግቡ አይጎድልም። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው፤ ዓይን የማያየውን ብዙ ነገር ተሸክሞ ይገኛልና። ከገጠር ትምህርት ቤት ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ ሥዕል የሚልክ መምህር፥ መስመሩ የደከመ እንደ ሆነ የዚህ ዕውቀት ጥቅም ይገባዋል።

ፎቶግራፍ ማለት የነጥቦች ስብስብ ነው። ወርዱ 4000፥ ቁመቱ 3000 ነጥብ የሆነ ሥዕል 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ ለእያንዳንዱም ነጥብ 3 ባይት ሲሰጠው፥ ሳይጨመቅ 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ወርዱን 1600፥ ቁመቱን 1200 ብናደርገው ግን ነጥቡ 1,920,000 ብቻ ነው፤ ይኸውም የቀድሞውን አንድ ስድስተኛ አይሞላም። ሳያጎላ በስልክ ለሚመለከተው ሰው ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም።

ሁለተኛው መንገድ በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደንቡ የወጣለት ጄፔግ ነው። የሰው ዓይን ብርሃንና ጨለማን ለመለየት ያለው ኃይል ቀለምን ለመለየት ካለው ይበልጣል። ስለዚህ ጄፔግ ሥዕሉን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ክፍሎች ይከፍልና፥ ከቀለሙና ከደቃቁ ነገር ዓይን የማይፈልገውን ይተዋል። የጥራቱ ልክ ከ100 ወደ 80 ገደማ ቢወርድ መልኩ እምብዛም የተለወጠ አይመስልም።

ጽሕፈት ላለበት ሥዕል ግን መጠንቀቅ ይገባል። የ«ቡ» እና የ«ቢ» ልዩነት የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ጭረቲቱ የደበዘዘች እንደ ሆነ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ደቃቁን ፊደል አጉልታችሁ አንብቡ። በቴሌግራም እንደ ፎቶግራፍ የተላከ ሥዕል በመንገድ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል የተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። በመስመር ብቻ ለተሣለ ካርታም ፒኤንጂ የሚባለው ይሻላል፤ እርሱ ሲጨምቅ ምንም አይጥልምና።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ልብ በሉ። ጄፔግ የጣለው ነገር ተመልሶ አይገኝም፤ እያረሙ ደጋግመው ቢያስቀምጡትም ጉዳቱ ይጨምራል። የሚቀነሰው ግልባጩ ይሁን፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ። በሕይወት የሌለ አባት መልክና ያረጀ የርስት ወረቀት ሁለተኛ ጊዜ ላይነሡ ይችላሉና፥ ቦታ ለማትረፍ ብሎ ዋናውን የሚያጠፋ ሰው የዘር እህሉን እንደ በላ ገበሬ ነው።