በሳንቲም ስም የተመሠረቱ ፈሊጣዊ አነጋገሮችና የአማርኛ ትምህርት

ፈሊጣዊ አነጋገር የሚባለው የቃላቱን ፍቺ አንድ በአንድ በመደመር ትርጉሙ የማይደረስበት ሐረግ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በዝርዝር መልክ ሲሆን፣ ተማሪው ሐረጉን በግራ፣ ፍቺውን በቀኝ ጽፎ በቃሉ ያጠናል። በዚህ ጽሑፍ የሚታየው በመገበያያ ሳንቲሞች ስም የተመሠረተው ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት አለ፤ ሳንቲሞቹ ከገበያ ሲርቁ አነጋገሮቹ በአንደበት ቀርተዋልና፣ ተማሪው ነገሩን ሳያይ ስሙ በፈተና ወረቀት ላይ ይመጣበታል። አፍ መፍቻ ቋንቋው አማርኛ ላልሆነ ተማሪ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተለመዱት ማጣትን የሚገልጹት ናቸው። «ሰባራ ሳንቲም የለኝም»፣ «ድንቡሎ አልሰጠኝም»፣ «ቤሳ ቤስቲን የለውም» ይባላል። ሦስቱም ከአሉታዊ ግሥ ጋር ይነገራሉ። «ሰባራ ሳንቲም አለኝ» ብሎ የጻፈ ተማሪ የሰዋስው ሕግ አላፈረሰም፤ አንባቢን ግን ያስቃል። ይህን ጠባይ የሚያስረዳ የፍቺ ዝርዝር እምብዛም አይገኝም፤ በእኔ አስተያየት ግን ከፍቺው ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው ይኸው ነው። «ሰባራ» የሚለው ቅጽል የተጨመረውም በከንቱ አይደለም። የተሰበረ ሳንቲም ምንም አይገዛም፤ ተናጋሪው ያ እንኳ የለኝም ማለቱ ነው። ቤሳ ከህንዱ ፓይሳ ጋር የሚዛመድ፣ በባሕር ንግድ የተሰራጨ የትንሽ ገንዘብ ስም ነው። ቤስቲን ግን ለብቻው አይነገርም፤ ቤሳን ለማጀብና ድምፁን ለማስተጋባት የገባ ነው። ስለዚህ «ቤስቲን ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ በፈተና መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም።

የስሞቹ ታሪክ ለኅብረተሰብ ትምህርት መምህርም ይጠቅማል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገራችን ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። የውጭው ገንዘብ ከገበያ ቢወጣም ግማሽ ብር ማለትም ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ» እንደተባለ ቀረ። ሃያ አምስት ሳንቲም ደግሞ ስሙኒ ነው። ድምፁ ስምንትን ቢያስታውስም ዋጋው የብር ሩብ በመሆኑ፣ ከስሙ ተነሥቶ የሚያሰላ ተማሪ መሳሳቱ አይቀርም።

«ብር» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አስቀድሞ የማዕድን ስም ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ትሬዛ ጠገራ፣ ኋላም በ1887 ዓ.ም. የወጣው የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘብ ከዚሁ ማዕድን ስለተሠሩ ስሙ ወደ ገንዘቡ ተሻገረ። «የብር ኢዮቤልዩ» ሲባል ገንዘብ የተሰበሰበበት በዓል የሚመስለው ተማሪ ካለ ሊደንቀን አይገባም። «ብር ብሎ ሄደ» የሚለው ግን የበረራ ድምፅ እንጂ ከገንዘብ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቀልደኞች ሁለቱን አዋሕደው ደመወዝን ብር ሲያሰኙት ይሰማል።

ሳንቲም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የብር መቶኛ ነበር። ዛሬ ግን የአንድ ብሩ ዝርዝር ገንዘብም «የአንድ ብር ሳንቲም» ይባላል፤ ቃሉ ከመጠን ወደ ቁሱ ዞሯል ማለት ነው። ሳንቲም ወርውሮ ዕጣ ሲጣልም «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይባላል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በታተሙት ሳንቲሞች ላይ የአንበሳው ጎፈር አለ፤ ዘውዱ ግን በስም ብቻ ቀርቷል። በጋዜጣ የሚዘወተረው «የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽታ» ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው። ስሕተት ባይሆንም ከነባሮቹ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል።

በከተማ ወጣቶች ዘንድ ገንዘብን «ፍራንክ» ማለት የተለመደ ነው። ይህን የመሰለውን የአራዳ ቃል አንዳንድ መምህራን ከክፍል ያባርራሉ። ከመከልከል ይልቅ ተማሪው ለጓደኛው የሚናገረውንና ለመሥሪያ ቤት በማመልከቻ የሚጽፈውን እንዲለይ ማለማመድ የተሻለ ነው። ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ተማሪዎች ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው ሦስት ሦስት አነጋገሮችን ጠይቀው ይምጡ፤ እያንዳንዱን በአወንታዊና በአሉታዊ ዓረፍተ ነገር ይሞክሩ፤ የትኛው እንደማይሄድ ራሳቸው ይፍረዱ። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆችም አነጋገሩን ያለ ዓረፍተ ነገር፣ ሳንቲሙንም ያለ ሥዕሉ ባያቀርቡ መልካም ነው።