የአያቴ ካሴቶችና ስሙ የተሰረዘው ቁጥር

አያቴ የሚኖሩት ረሖቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ነው። አልጋቸው ሥር፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ዐሥራ አንድ ካሴቶች አሏቸው። የአምቦበርን ኑሮ፣ በሱዳን በኩል የመጡበትን መንገድ፣ በመንገድ የቀሩትን ሰዎች ስም እያወሩ ራሳቸው የቀዱት ነው። ካሴቱ እያረጀ፣ ድምፁም አንዳንድ ቦታ እየጠፋ ነው። እሳቸውም ሰማንያን አልፈዋል።

የአጎቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ትማራለች። ካሴቶቹን ገልብጣ፣ አማርኛ ሰምቶ የሚጽፍ ፕሮግራም ላሠልጥን ብላ ተነሳች። ከባዶ አልጀመረችም፤ አንድ ተማሪ በ2019 ሠርቶ በነፃ የተወውን አገኘች። ስታስነሳው ግን ቀይ ጽሑፍ ደረደረና ቆመ።

«ማን ነካው ልጄ?» አሉ አያቴ።

ማንም አልነካውም። ችግሩም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎች ሰዎች ሠርተው ያስቀመጡትን መሣሪያ እየተዋሰ ነው የሚሠራው። የመሣሪያው ክምችት ላይብረሪ ይባላል። ላይብረሪው በየጊዜው ይታደሳል፤ አሮጌው ፕሮግራም ግን የሚያውቀው የዱሮውን ነው።

ቀዩን ጽሑፍ ከታች ጀምራ አነበበችው፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። «ናምፓይ ፍሎት የሚባል የለም» ይላል። ናምፓይ የቁጥር ላይብረሪ ነው። እንደ 3.5 ያለ ነጥብ ያለው ቁጥር በፓይተን ቋንቋ ዋና ስሙ «ፍሎት» ሲሆን፣ «ናምፓይ ፍሎት» ተጨማሪ ስሙ ነበር። በጥር 2021 የወጣው ቨርዥን 1.20 «ይህ ስም ይቀራል» ብሎ አስጠነቀቀ፤ በታኅሣሥ 2022 የወጣው 1.24 ሰረዘው።

ይህን ለአያቴ ማስረዳት አልከበደንም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አገር ቤት የወጣላችሁ ስም እያለ፣ እዚህ ስትገቡ የዕብራይስጥ ስም የተሰጣችሁ ብዙ ናችሁ። መዝገቡ ላይ አዲሱ ብቻ ካለ፣ በድሮው ስም የጠየቀ ሰው «እንዲህ የሚባል የለም» ይባላል። ሰውየው ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። የአጎቴ ልጅም «ናምፓይ» የሚለውን ከፊቱ አጥፍታ «ፍሎት»ን ብቻ ተወች። በቃ፣ አለፈ።

ቀጥሎ ሊብሮሳ የሚባለው የድምፅ ላይብረሪ እምቢ አለ። ዱሮ መጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ በተራ መስጠት ይበቃ ነበር። ከ2023ቱ 0.10 ወዲህ ግን እያንዳንዱን በስሙ ጠርተህ ካልሰጠኸው አይቀበልም። ያም ተስተካከለ።

ሦስተኛው ነው ያስጨነቃት። ፕሮግራሙ የተማረውን የያዘው ፋይል አልከፈት አለ። ፓይቶርች የሚባለው ላይብረሪ፣ በጥር 2025 ከወጣው 2.6 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ፋይል በጥርጣሬ ነው የሚያየው፤ በውስጡ ድብቅ ትእዛዝ ሊኖር ይችላልና። ቁልፉን በአንድ ቃል ማንሳት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ እኔም ብሆን ቸኩዬ አነሳው ነበር። እሷ ግን የማያውቁትን እንግዳ ሳይጠይቁ ቤት ማስገባት ነው ብላ፣ ምንም ነገር በሌለበት፣ ከኢንተርኔት በተቋረጠ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ቁጥሮቹን ብቻ አወጣች። ከዚያ በኋላ ቁልፉ እንዳለ ተከፈተ።

ለምን አሮጌዎቹን ላይብረሪዎች መልሳ አልጫነችም? ሞክራለች። ለአንድ ሥራ የራሱን ክፍል ሠርቶ የድሮውን ቨርዥን እዚያ ማኖር ይቻላል። ግን የሷ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፓይተን 3.12 ነው፤ እሱ ደግሞ ከ1.26 በታች ካለው ናምፓይ ጋር አይስማማም። አንዱን ስትመልስ ሌላውም ይከተላል።

አሁን የመጀመሪያው ካሴት ተጽፏል። ስሕተቱ ብዙ ነው፤ አምቦበርን ለሁለት ቆርጦ ነው የጻፈው። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ድምፃቸውን እየሰሙ በእስክሪብቶ ያርማሉ፤ ፕሮግራሙም በታረመው እንደገና ይሠለጥናል። የአጎቴ ልጅ የእያንዳንዱን ላይብረሪ ቨርዥን ቁጥር በወረቀት አትማ፣ ካሴቶቹ ያሉበት ካርቶን ውስጥ አስቀምጣዋለች።