ሳይቀላ የሚቀልጠው አሉሚኒየም

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በእህልና በጥሬ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በእሳትና በብረታ ብረት ሥራም እውነት ሆኖ ይገኛል። እንዲያውም እህል ያፈሰሰ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ጐንበስ ብሎ ይለቅመዋልና። ቀጭን አሉሚኒየም በእሳት ያፈሰሰ ግን የሚለቅመው የለውም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአዲስ አበባ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ገብተን ሳለ ይህን የሚያስረዳ ነገር አየን። አንድ ወጣት ከሟች አባቱ የወረሰውን አሮጌ አውቶሞቢል እንደ ራሱ አሳብ አዲስ መልክ ሊሰጠው ተነሥቶ ነበር። የባትላሜራውን ሥራ ፈጽሞ፥ በመኪናው ጎን ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋውን ቀጭን የጌጥ ጠርዝ አስረዝሞ ለመግጠም ደርሷል። ጠርዙ አሉሚኒየም ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ዛሬም የሚሠራው ፋብሪካ የለም። ወጣቱ ብረት መበየድ የለመደ ስለ ሆነ፥ ጠርዙ ቀልቶ ምልክት እስኪሰጠው ድረስ እሳቱን ይዞ ጠበቀ። ምልክቱ ግን አልመጣም። ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ የጣት ስፋት የሚያህል ቦታ ቀልጦ ወደ መሬት ጠብ አለ። ወጣቱ ጭምብሉን አንሥቶ ዝም አለ። በአጠገቡ የቆሙት ሽማግሌ ባለሙያም፥ «ልጄ፥ እጅህ አልበደለም፤ ያሳሳተህ ዐይንህ ነው። የብረትን ምልክት ከአሉሚኒየም ጠበቅህ» አሉት።

የሽማግሌው ቃል እውነት መሆኑን ለመረዳት የሁለቱን ጠባይ ማነጻጸር ይበቃል። ብረት የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ አስቀድሞም ቀልቶ፥ ቢጫ ሆኖ፥ ወደ ነጭነት ተለውጦ ሠሪውን ያስጠነቅቃል። አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በዚህም ሙቀት በቀን ብርሃን የሚታይ ቅላት የለውም። በዚህ ላይ ሙቀትን ከተራ ብረት አራት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያስተላልፋልና፥ በአንድ ጫፍ የተሰጠው እሳት ወዲያውኑ ወደ ሌላው ይሮጣል። ሲሞቅም ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ቀጭኑ ጠርዝ ይጣመማል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ቆዳው ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ወዲያው ያበጃል። ይህ ሽፋን ከዝገት ይጠብቀዋል፤ ለበያጅ ግን ጠላት ነው፤ የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነውና። ስለዚህ ውስጡ እንደ ውሃ ሆኖ ሳለ ቆዳው እንደ ከረጢት ይይዘዋል፤ ሠሪው «ገና ነው» ሲል ከረጢቱ ይቀደዳል።

ይህ ብረታ ብረት በሰው ቤት ከገባ ብዙ ዘመን አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. በአሜሪካ የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ በአሉሚኒየም ሲከደን፥ እንደ ብር የተከበረ ነገር ነበር። በ1886 ዓ.ም. ግን አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፥ ሁለቱም በ1863 ዓ.ም. የተወለዱ ወጣቶች፥ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚለይበትን መንገድ አገኙ፤ ዋጋውም ወረደ፤ ከአውሮፕላን እስከ ድስት ድረስ ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በተለይ በካሊፎርኒያ፥ እንደ ባሪስ ወንድማማቾች ያሉ ሠራተኞች የፋብሪካ አውቶሞቢሎችን እየቈረጡና እያጋጠሙ ለባለቤቶቻቸው ብቻ የሚሆን መልክ መስጠትን የታወቀ ጥበብ አደረጉት። ከአንዱ መኪና የተነሣውን ጌጥ ለሌላው ማልበስ የዚህ ጥበብ አንዱ ክፍል ነው፤ ርዝመቱ ስለማይገጥምም መቍረጥና መበየድ ግድ ይሆናል።

የቀድሞ ሠራተኞች በኦክስጅንና በአሴቲሊን እሳት፥ ፍሎክስ በሚባል ዱቄት ቆዳውን እያሟሙ ይበይዱ ነበር፤ ዛሬም የሚሠሩበት አሉ። ዱቄቱ ከሥራው በኋላ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ ግን ቀስ በቀስ ጠርዙን ይበላዋል። በጦርነቱ ዘመን በአሜሪካ የአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ራስል ሜሬዲስ የተንግስተን ዘንግ በሂሊየም ጋዝ እየጋረደ የሚበይድበትን ዘዴ አወጣ፤ በ1942 ዓ.ም.ም የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ኋላም በሂሊየም ፈንታ አርጎን መጠቀም ስለ ተለመደ፥ በእኛ አገር ሠራተኞች ዘንድ ዘዴው በዚሁ በጋዙ ስም ይጠራል። ለአሉሚኒየም የሚሆነው አቅጣጫውን በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ቆዳውን ይሰብራል፥ በሌላው ያቀልጣል።

ሽማግሌው ባለሙያ የወጣቱን ጠርዝ እንዴት እንዳዳኑት እንናገር። በመጀመሪያ የተበላሸውን ክፍል ቈርጠው ጣሉ፤ ከሌላ አሮጌ መኪና የተነሣ ተመሳሳይ ጠርዝም አመጡ። ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ኀይል ያደነደነውን የላይ ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፤ ይህ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና። ቅባቱን በአሴቶን ጠረጉ፤ ብረት ነክቶ በማያውቅ፥ ለአሉሚኒየም ብቻ በተለየ የማይዝግ ብረት ብሩሽም ቦረሹ። ሁለቱን ጫፎች ክፍተት እስከማይታይ ድረስ ሞርደው ገጠሙ፤ ከበስተጀርባውም ትርፍ ሙቀት እንዲስብ የመዳብ ዘንግ አስደገፉ።

ቀጥሎ ሽቦ መረጡ። 4043 በሚባል ቍጥር የሚታወቀው ሽቦ 5 በመቶ ያህል ሲሊኮን ስላለበት በቀላሉ ይፈስሳል፤ ነገር ግን ጠርዙ እንደ ገና በፋብሪካው ዘዴ ሲደነድን መጋጠሚያው ጠቍሮ ይታያል። 5 በመቶ ያህል ማግኒዝየም ያለበት 5356 ግን መልኩን ይጠብቃል፤ ለጌጥም የሚመረጠው እርሱ ነው።

ይህን ሁሉ ካዘጋጁ በኋላ ግን እውነተኛውን ጠርዝ አልነኩም። ከተጣለው ቍራጭ ላይ በ40 አምፔር አካባቢ እያስተካከሉ ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ወጣቱንም አስሞከሩት። ቅላት በማይታይበት ምን እንደሚጠብቅም አሳዩት፤ ይኸውም ደብዛዛው ገጽ በድንገት እንደ መስተዋት የሚያበራበት ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ሽቦውን ማስነካትና እጅን ማራመድ ይገባል፤ የዘገየ ይቀዳል። ከዚህ በኋላ ጠርዙን በትንንሽ ነጥቦች ያዙት፥ እየበረደም በየተራ አጋጠሙት። በመጨረሻ ሞርደው ሲወለውሉት መጋጠሚያውን በጣት እንጂ በዐይን ማግኘት አልቻልንም።

ልጆቻችሁን ወደ እንዲህ ያለ ሥራ የምትልኩ ወላጆች ሆይ፥ ስለ ሰውነታቸውም አንድ ቃል እንጨምር። ጠርዝ ቢጠፋ ሌላ ይፈለጋል፤ ዐይን ግን አይተካም። የብየዳ ብርሃን ዐይንን ሲያቃጥል በዚያው ሰዓት አይታወቅም፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፥ ብዙ ጊዜም በሌሊት፥ አሸዋ እንደ ገባ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ ልጁ በተገቢው ጥቁር መስተዋት ይሠራ እንደ ሆነ ጠይቁ። ክሎሪን ባለበት የቅባት ማጠቢያ የተጠረገ ዕቃ ሲበየድ ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። አርጎንም ሽታና መልክ የሌለው፥ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ነውና፥ በተዘጋ ክፍል ሲከማች ትንፋሽ ያሳጣል። እነዚህም እንደ አሉሚኒየሙ ሳያስጠነቅቁ የሚጎዱ ናቸው።

ወጣቱ የአባቱን ጠርዝ በመኪናው ጎን ሲገጥም ቆመን አየነው። ያችን መጀመሪያ የቀለጠችውን ቍራጭ ግን አልጣላትም፤ በመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ላይ በሚስማር መታት። ስለ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቀው፥ «ከእሳቱ በፊት እንድታስታውሰኝ ነው» ብሎ መለሰልን።