የፍሬን ሸራ ያለ ጊዜው ሲያልቅ የባለንብረቱ መብት ምንድን ነው?

መካነ ሰላም፦ በቅርቡ የተገዛ ተሽከርካሪ የፍሬን ሸራው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲያልቅ ባለንብረቱና የሻጩ የጥገና ክፍል ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ባለንብረቱ ዕቃው ጉድለት እንዳለበት ይናገራል። ጥገና ክፍሉ ደግሞ ሸራ አላቂ ዕቃ በመኾኑ በዋስትና እንደማይሸፈን፣ ምክንያቱም አነዳዱ እንደኾነ ይገልጻል። በደቡብ ወሎ ደጋማ መንገዶች እህልና ሰው ለሚያጓጉዙ ባለንብረቶች ክርክሩ ከገንዘብ ያለፈ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የጥገና ክፍሉ ምላሽ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ፍሬን የሚሠራው የተሽከርካሪውን ጉልበት ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። 1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ቢወርድ የሚፈጠረው ሙቀት 40 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱ እጥፍ ሲኾን ሙቀቱም እጥፍ ይኾናል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አሽከርካሪ በከባድ ማርሽ ካልወረደ ሸራው ሜዳ ላይ ከሚሠራ መኪና ፈጥኖ ማለቁ አይቀርም።

ይኹን እንጂ ምክንያቱ ሁልጊዜ አነዳድ አይደለም። የአበላሉ መልክ ራሱ ይመሰክራል። የቀኝና የግራ ጎማ ሸራዎች እኩል ካለቁ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ጭነት፣ ቁልቁለት ወይም አነዳድ ነው። የአንዱ ጎማ ብቻ ካለቀ፣ ወይም በአንድ ጎማ ካሉት ሁለት ሸራዎች አንደኛው ከሳስቶ ሌላው ወፍራም ከኾነ ግን ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወይም ተንሸራታቹ ፒን ተጣብቆ ሊኾን ይችላል። መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ጎን መሳቡና አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ መጋሉም ተመሳሳይ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ብልሽት ከአሽከርካሪው እግር የመጣ አይደለም። ስለዚህ “ሸራ አላቂ ነው” የሚለው መልስ ብቻውን በቂ አይኾንም፤ ሸራውን ያስጨረሰው ክፍል በዋስትና ውሉ ውስጥ መካተት አለመካተቱ መታየት አለበት።

ለዚህም ማስረጃ ያስፈልጋል። ባለንብረቱ በየሰርቪሱ የሸራው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ከኪሎ ሜትር ንባቡ ጋር በወረቀት እንዲሰፍር መጠየቅ ይጠቅመዋል። ለምሳሌ ባለፈው ሰርቪስ 8 ሚሊ ሜትር የነበረ ሸራ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ በየ1 ሺህ ኪሎ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ተበልቷል ማለት ነው። ቁጥሩ ከቃል ክርክር ይልቅ ያሳምናል። የወለቁትን ሸራዎች መረከብ፣ ፎቶ ማንሳትና ከሌላ ጋራዥ የጽሑፍ አስተያየት መውሰድም ተገቢ ነው።

ሕጉም ድጋፍ ይሰጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ገዢው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። ዝም ብሎ ወራት ያሳለፈ ባለንብረት መብቱን ሊያጣ ይችላል።

በመኾኑም አቤቱታው በቅድሚያ ለጥገና ክፍሉ ኀላፊ በጽሑፍ ቀርቦ ምላሹም በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ስምምነት ከታጣ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ክርክሩ እስኪቋጭ ግን ባለቀ ሸራ መንዳት አይገባም። ሸራው ሲያልቅ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ዲስኩ ይበላሻል፣ በቁልቁለት ላይም ፍሬኑ ሊከዳ ይችላል። አዲሱን አስገጥሞ አሮጌውን ከነደረሰኙ ማስቀመጥ ተሳፋሪውንም ማስረጃውንም ያተርፋል።