«ማርክህ ስለ ምን ወረደ?» የተባለ እንደ ሆነ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው ለሕመምተኛ የተነገረ ቢሆንም፣ ሐኪም ለመሆን ለሚያመለክት ወጣትም ይስማማል። ሦስት ዓመት ሙሉ በመልካም ማርክ የተማረ ሰው በመጨረሻው ዓመት ውጤቱ ዝቅ ሲልበት፣ በማመልከቻው ላይ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ይመርጣል። ዳሩ ግን ከማርኩ ይልቅ የሚጎዳው ዝምታው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ጉዳዩ ከእናንተ መካከል ብዙዎችን ይነካል። በአገራችን አብዛኛው የሕክምና ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ተነሥቶ ወደ ሙያው ቢገባም፣ በ2004 ዓ.ም. በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት ዕቅድ በሳይንስ ወይም በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ሰዎች በ13 ተቋማት ሕክምና መማር ጀመሩ። በአሜሪካም ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው ኮሌጅ ከተጨረሰ በኋላ ነው፤ የአመልካቹም ማርክ በየዓመቱ ተለይቶ ለመራጮች ይቀርባል። እንዲህ ባለው መንገድ ለሚሄድ ሰው የኮሌጅ ማርኩ ዋና ምስክሩ ነው።

እስቲ ከአንኮበር መጥቶ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማር አንድ ወጣት በሐሳባችን እንሣል። በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ነጭ ጋዋን የለበሱትን ተማሪዎች ሲያይ ልቡ ይመኛል። በስድስት መንፈቅ በእያንዳንዱ 3.6 አገኘ፤ በሰባተኛው ግን 2.7 ሆነበት። የትምህርቱ ክብደት በየመንፈቁ እኩል ከሆነ ጠቅላላ አማካዩ ወደ 3.47 ብቻ ይወርዳል። ነገር ግን የመራጩ ዓይን ድምሩን አልፎ 2.7 ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ምክንያቱ ምን ነበር? በዚያ ደጋ አገር ኅዳር የአዝመራ ወር ነው፤ የደረሰ ገብስና ባቄላ ጊዜ አይሰጥም። አባት ታመመ፤ አጨዳው በልጁ ላይ ወደቀ። ወጣቱ ግን «በልዩ ልዩ የቤተሰብ ችግር ውጤቴ ዝቅ ብሏል፤ መምህራንም አልተረዱልኝም» ብሎ ቢጽፍ፣ መራጩን ለግምት ይተወዋል፤ ወቀሳውንም በሌላ ሰው ላይ ይጥላል።

የሕክምና ተማሪ አስቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ከሕመምተኛ ታሪክ መቀበል ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረ? በምን ተነሣ? ምን ተደረገለት? አሁንስ እንዴት ነው? የወረደ ማርክም በእነዚሁ አራት ጥያቄዎች ይመለሳል፤ እንዲህም ተብሎ ይጻፋል፦

«በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤቴ 2.7 ሆነ። በኅዳር ወር አባቴ ታሞ አዝመራውን የምሰበስበው እኔ ስለ ነበርሁ፣ ከብዙ ክፍለ ጊዜ ቀርቻለሁ፤ የሐኪም ቤት ማስረጃው ተያይዟል። ኋላ አጎቴ ሥራውን ተረከበልኝ። በሁለተኛው መንፈቅ ውጤቴ ወደ 3.6 ተመልሷል።»

ከዚህ በላይ ማስረዘም አያስፈልግም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲዘልቅ፣ የብዙ ተማሪ ትምህርት ተናግቷል። ይህን መራጩም ያውቀዋል። እናንተ የምትነግሩት የአገሩን ሁሉ መከራ ሳይሆን፣ በእናንተ ላይ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁትን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂዎች የሚፈተኑት የመውጫ ፈተናም መልካም ውጤት ካስገኘላችሁ፣ ዕውቀታችሁ እንዳልጠፋ ይመሰክራልና አብራችሁ አቅርቡት።

ምናልባት ምክንያቱ ሕመምም ጦርነትም ሳይሆን፣ ምረቃ ቀረበ ብሎ መዘናጋት ቢሆንስ? ያንኑ ተናገሩ። ያልሞተ ዘመድ አትግደሉ። ሐሰት አንድ ጥያቄ ቢያሳልፍ፣ ሁለተኛው ላይ ይደናቀፋል።

ገና በትምህርት ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ምክር አለን። ችግር በመንፈቁ መካከል ሲመጣ ፈተና እስኪያልፍ አትጠብቁ። ለመምህራችሁ ንገሩ፤ ካልተቻለም በደንቡ መሠረት ትምህርቱን ለጊዜው ለማቋረጥ ለሬጅስትራር አመልክቱ፤ ማስረጃውንም በእጃችሁ አቆዩ። በሥርዓት አቋርጦ የተመለሰ ተማሪ፣ በዝምታ ከወደቀው ይልቅ ለማስረዳት ይቀለዋል።

በመጨረሻ፣ ጠያቂው ስለ ማርክ ብቻ የሚጠይቅ አይምሰላችሁ። ይህ ወጣት ነገ በሌሊት ተራ ላይ ደክሞት የመድኃኒት መጠን ቢሳሳት፣ ወዲያው ለአለቃው ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ሊያውቅ የሚሻው ይህን ነው። በዚያች ሌሊት በአልጋው ላይ የሚተኛው ሕመምተኛ ሕይወት በመልሱ ላይ ይንጠለጠላልና፣ እውነት መናገርን ከማመልከቻው ጀምራችሁ ተለማመዱት።